ሦስቴ የተነበበው ቁጥር

ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ የተጋባኸው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከፍሪጁ ጋር?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሌሊት ፍሪጁ ድምፁን ሲለውጥ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። መብራት ሲሄድማ ማንም ይነቃል፤ እኔን የሚቀሰቅሰኝ ከመሄዱ በፊት ያለችው ነገር ናት፤ ቮልቴጁ ወረድ ሲል ሞተሩ የሚያሰማት የድካም ድምፅ። ሃያ ስድስት ዓመት በኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በፈረቃ የሠራ ሰው፣ እሱ ጡረታ ቢወጣም ጆሮው አብሮት አይወጣም።

ሥራዬ ዲስፓቸርነት ነበር። የትኛው ግድብ ስንት ሜጋዋት ያመንጭ፣ የትኛው መስመር ይያያዝ፣ የትኛው ይቆረጥ የሚለውን የሚወስን ተረኛ ማለት ነው። ፊት ለፊታችን ግድግዳውን የሞላ የመስመሮች ካርታ፣ ከካርታው በላይ ደግሞ አንዲት መርፌ ነበረች። መርፌዋ 50 ላይ ከቆመች አገር ሰላም ነው። ፍላጎት ከምርት ሲበልጥ ወደ 49.8፣ ወደ 49.6 ታዘቀዝቃለች፤ ያን ጊዜ ሻያችንን እንደያዝን እንነሣለን። በየሰዓቱም ከየማከፋፈያ ጣቢያው ንባብ በስልክ እንቀበላለን። ስልኩ በዚያው በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ የሚጓዝ ነበር፤ ቴሌፎን ባልደረሰበት ገጠር የሰው ድምፅ መብራት በሚሄድበት ሽቦ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሲመጣ ግን ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ነው የሚመስለው። «አምፔር ይኸን ያህል፣ ሜጋዋት ይኸን ያህል፣ የዘይት ሙቀት ይኸን ያህል።» እኛም በመዝገብ እንጽፋለን፤ በአንድ ፈረቃ ስንትና ስንት ቁጥር።

ዓመታት ሲያልፉ ታዲያ ቁጥሮቹ እንደ ጎረቤት ይሆናሉ። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚገባ ታውቃለህ። ማክሰኞ ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭነት ካልተነሣ «ምን ነካቸው?» ትላለህ። የጣቢያ ኦፕሬተሮችማ ከኛም ይብሳሉ። ትራንስፎርመር በሰከንድ መቶ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ሁልጊዜ ያዜማል፤ እነሱ ያንን ዜማ እንደ ልጃቸው ድምፅ ነው የሚያውቁት። አንዱ በስልክ «ጌታዬ፣ ዛሬ ይቺ ሴትዮ ድምጿ አላማረኝም» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። በማግሥቱ ጥገና ሄዶ ከውስጥ የላላ ነገር አገኘ።

ልጄ የኔን ሥራ ነው የያዘችው። እሷ ግን አትስማማም። አሜሪካን አገር በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የኮምፒዩተር መረቡን በሌሊት ትጠብቃለች። ዛሬ ጣቢያዎቹ በሰው አፍ አያነቡም፤ በየጥቂት ሰከንዱ ዋናው ኮምፒዩተር ራሱ ጣቢያውን ይጠይቃል፣ ጣቢያው ይመልሳል። «ስንት አምፔር?» «ይኸን ያህል።» «ብሬከሩ ተዘግቷል?» «ተዘግቷል።» ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ነው። የልጄ ሥራ ይኸን ንግግር ማድመጥና በመሐሉ እንግዳ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማስተዋል ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። በመረቡ መገናኛ ላይ የንግግሩን ግልባጭ የሚወስድ መሣሪያ ይገጠማል። መሣሪያው ያዳምጣል እንጂ አይናገርም፤ ምክንያቱም በጣቢያዎቹ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ያልለመዱትን ጥያቄ ቢጠይቋቸው ደንግጠው ሊቆሙ ይችላሉ። ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብሎ ያዳምጥና «ይኸ ቤት እንዲህ ነው የሚኖረው» የሚል ሥዕል ለራሱ ይሠራል። ማን ከማን ጋር ይነጋገራል፣ በስንት ሰዓት፣ ስለምን ጉዳይ። ከዚያ በኋላ ከሥዕሉ የወጣ ነገር ሲያይ ደወል ይደውላል። የቢሮ ኔትወርክ እንደ መርካቶ ነው፤ ማን መጣ ማን ሄደ አይባልም። የኤሌክትሪክ መረብ ግን እንደ ገዳም ነው፤ ሰዓቱም፣ ንግግሩም፣ ነዋሪውም የታወቀ። ስለዚህ እንግዳው ጎልቶ ይታያል።

«እሺ፣ መሣሪያው ማዳመጥ ሲጀምር ሌባው አስቀድሞ ቤት ውስጥ ከነበረስ?» አልኳት።

ሳቀችና «አባዬ፣ እሱን ጥያቄ እኛም እንፈራዋለን። ያን ጊዜ ሌባውን ከቤተሰብ ይቆጥረዋል» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የፋሲካን ሌሊት ነገርኳት። በዓለም ላይ ያለ የኃይል ሥርዓት ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይተኛል። የኛ ግን በዓመት አንድ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። መብራት ይበራል፣ ምድጃ ይለኮሳል፣ ዶሮው ይሞቃል። በዋዜማውም ምጣዱ አለ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ እንግዲህ ከተማው ሁሉ እንጀራ ሲጋግር አስቡት። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ አማካሪ መዝገባችንን ሲመረምር ያን ሌሊት በቀይ እስክሪብቶ ከበበና «የመለኪያ ስሕተት» ብሎ ጻፈበት። እኛ ተያይተን ሳቅን። የዚያን ዓመት ፋሲካ የኔ ተራ ነበር፤ ቁጥሩ ሲወጣ እያየሁ የናቴ ዶሮ ወጥ ነበር የሸተተኝ።

ልጄ ሥራ በጀመረች ሰሞን ካስተማሯት ሁሉ የመጀመሪያው የዩክሬን ታሪክ ነበር፤ ነገሩን ነገረችኝ፣ ከዚያ ወዲህ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015፣ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በምዕራብ ዩክሬን በኢቫኖ ፍራንኪቭስክ አካባቢ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ተረኛ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ይሰበስባል። ቀና ሲል በኮምፒዩተሩ ላይ ያለችው ቀስት ራሷን ችላ ትሄዳለች። ማንም አልነካትም። ሄዳ ሄዳ የአንድ ጣቢያ ብሬከር ላይ ቆመች፤ ከፈተችው። (በኛ ሙያ ብሬከር «ተከፈተ» ማለት መብራት ጠፋ ማለት ነው፤ አንባቢ እንዳይደናገር።) ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ቀስቷም እርግጠኛ መሆኗን አረጋገጠች። ተረኛው ማውሱን ይዞ ቢታገል እምቢ አለው። ወዲያው ከኮምፒዩተሩ አስወጣው፤ መልሶ ሊገባ ቢሞክር የይለፍ ቃሉ ተለውጧል። ቀስቷ ወደ ሚቀጥለው ጣቢያ ሄደች።

በዚያን ቀን ሦስት የማከፋፈያ ኩባንያዎች ተመቱ። ሠላሳ ያህል ጣቢያዎች ተቆረጡ፤ 225,000 ያህል ደንበኞች በዚያ ብርድ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ሰርጎ ገቦቹ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ የመጠባበቂያ መብራት ሳይቀር አስበውለት ነበር፤ እሱንም አጠፉት። ሰው ደውሎ እንዳይናገር የደንበኞችን ስልክ በሐሰት ጥሪ አጨናነቁት። ከጣቢያዎቹ ጋር የሚያገናኙትን መሣሪያዎች ውስጣዊ ፕሮግራም ስላበላሹት ከሩቅ ሆኖ መብራቱን መመለስ አልተቻለም። የተመለሰው ሠራተኞች በመኪና እየሄዱ፣ ብሬከሩን በእጃቸው እየዘጉ ነው። ይኸን ሳነብ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ብሬከር በእጁ መዝጋት የሚያውቅ ሰው ገና አልጠፋም ነበር።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ያ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። ሰዎቹ የገቡት በጸደይ፣ ለቢሮ ሠራተኞች በተላከ ተራ የኢሜይል ደብዳቤ ነው። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቤት ውስጥ ተቀምጠው የይለፍ ቃል ሲለቅሙ፣ መሣሪያዎቹን ሲያጠኑ ከረሙ። የቤቱን ልማድ አጠኑ ማለት ነው፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን በምን ቁልፍ እንደሚከፍት። በእነዚያ ወራት ውስጥ አንዱ ኮምፒዩተር አነጋግሮት ከማያውቀው ጋር አንድ ምሽት ተነጋግሮ ይሆናል፤ አንዱ ሠራተኛ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ስሙ ከሩቅ ገብቶ ይሆናል። ልጄ እንደምትለው ግልባጩን የሚያዳምጥ ቢኖር ይሰማ ነበር። የሚያዳምጥ አልነበረም።

በዓመቱ ደግሞ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2016፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በኪየቭ ሰሜን ያለ ባለ 330 ኪሎቮልት ጣቢያ ተቆረጠ። ከከተማይቱ ፍጆታ አንድ አምስተኛው ያህል ለአንድ ሰዓት ከምናምን ጠፋ። በዚህኛው ማውስ የሚገፋ እጅ አላስፈለገም፤ የገባው ፕሮግራም ራሱ የመሣሪያዎቹን ቋንቋ ይናገራል። «ክፈት» የሚለው ትእዛዝ ከኛ ትእዛዝ በአንዲት ፊደል አይለይም። እንግዲህ ቃሉን ብቻ ብታዳምጥ ምንም አትይዝም። ተናጋሪው ማነው? በዚህ ሰዓት እንዲህ የሚል ማን ነበር? ይኸን የሚጠይቅ፣ ቤቱን የሚያውቅ ያስፈልጋል።

ልጄ የምትሠራበት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። መሣሪያው በቀን አንድ ሚሊዮን መልእክት ያዳምጣል እንበል። ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳታል እንበል፤ ይኸ ለመሣሪያ ትልቅ ምስጋና ነው። በቀን አንድ ሺህ የሐሰት ደወል ማለት ነው። እውነተኛው እንግዳ በዓመት አንዴ ይመጣ ይሆናል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። ሺህ ጊዜ «ጅብ መጣ» ሲባል የሰማ ሰው በሺህ አንደኛው አይነሣም። ስለዚህ መሣሪያው ዝም እንዲል እየተገራ ይሄዳል፤ ሰውም እንደዚያው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የመብራትና የውኃ መሥሪያ ቤት ሰርጎ ገቦች ከ300 ቀን በላይ ተቀምጠው ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ኤፍ.ቢ.አይ. ደውሎ እስኪነግራቸው ድረስ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይኸን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ልጄ ደወለችልኝ። እዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር አየሁ።»

አንድ የማታውቀው ኮምፒዩተር ከአንድ ጣቢያ መቆጣጠሪያ ጋር ለሦስት ደቂቃ ተነጋግሮ ዝም ብሏል። እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ጣቢያ በሌሊት ተደርጎ አያውቅም። ከሷ ጋር ያለው አንጋፋ ባልደረባዋ አይቶት «የጥገና ሰዎች ይሆናሉ፤ ዝጊው» ብሏታል። ኃላፊው ቤቱ ተኝቷል። ባለፈው ወር ቀስቅሳው ምንም ያልሆነ ነገር ሆኖ ተገኝቶ፣ በስብሰባ ላይ በቀልድ መልክ ተነሥቶባታል።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ለማንም፣ ለናቷም ጭምር ያልነገርኩትን ነገርኳት።

በ1986 ዓ.ም. የክረምት ሌሊት ነው። በአንዲት ደጋ ከተማ ካለች ጣቢያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ንባብ መጣልኝ፤ 118 አምፔር፣ 2.9 ሜጋዋት፣ ዘይት 54 ዲግሪ። ጻፍኩ። ስድስት ሰዓት ላይ 118፣ 2.9፣ 54። ጻፍኩ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ 118፣ 2.9፣ 54። ሰው ተኝቶ፣ ቡና ቤቱ ተዘግቶ፣ ብርዱ በርትቶ፣ የከተማው ጭነት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት አንዲት አምፔር አልወረደም! ሕያው ነገር እንዲህ አይደገምም። ደግሞም ድምፁ የኦፕሬተሩ አይመስልም ነበር፤ መስመሩ ግን እንደ ነገርኳችሁ ጉድጓድ ነው።

ገብቶኛል። ኦፕሬተሩ የለም፤ አንድ መስመር ቁጥር በወረቀት ጽፎ ለዘበኛው ሰጥቶ ሄዷል። ሚስቱ ምጥ ይዟት እንደ ነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ሌሊት ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዘበኛውን «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን አሁን ያንብቡልኝ» ማለት። አላልኩም። ከሁለት ወር በፊት በሌላ ጣቢያ ንባብ ላይ ጩኸት አስነሥቼ፣ ጥገና ሌሊቱን ተጉዞ፣ የተጣበቀ የመለኪያ መርፌ ብቻ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። መሐንዲሱ በሰው ፊት «ነቢዩ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ተጣብቆብኝ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛ ነቢይ ላለመባል ሦስተኛውን መስመር ጻፍኩና ሻዬን ጠጣሁ።

ትራንስፎርመሩ ዘይት ያፈስ ነበር። በትራንስፎርመሩና በላዩ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ መካከል ቡክሆልዝ የምትባል መጠበቂያ አለች፤ ዘይት ሲጎድል ወይም ከውስጥ ጋዝ ሲጠራቀም መጀመሪያ ደወል ትደውላለች፣ ነገሩ ሲብስ ብሬከሩን ታስከፍታለች። ደወሏ ደውላለች። ዘበኛው ሰምቷል፤ የታዘዘው ግን ቁጥር እንዲያነብ ብቻ ነው። ብሬከሩን ማስከፈት የነበረባቸው ባትሪዎች ደግሞ ሞተው ኖረዋል። የስምንት ሰዓቱ ንባብ አልመጣም። እሳቱ ሲነሣ ዘበኛው አሸዋ እየዘገነ ሊያጠፋ ሞከረ። ሁለት እጆቹ ተቃጠሉ። ከተማይቱ ከአንድ ወር በላይ ጨለማ ውስጥ ኖረች። ኦፕሬተሩ ከሥራ ተባረረ፤ ልጁ በሰላም ተወልዳለች ሲሉ ሰማሁ።

አጣሪ ኮሚቴ ጠራኝ። «በዚያን ሌሊት ያልተለመደ ነገር አስተውለው ነበር?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ሦስቱ መስመሮች በኔው እጅ ጽሑፍ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ እንደ ማኅተም ተደርድረዋል። ማንም ጎንበስ ብሎ አላያቸውም። አንደኛው የኮሚቴ አባል ክርኑን ያሳረፈው እዚያው ላይ ነበር።

ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ልክ እንደ ባለሙያ፣ እንደ ልጅ ሳይሆን፣ «አባዬ፣ ስታክስኔት ያደረገው እኮ ይኸንኑ ነው» አለችኝ። ኢራን ናታንዝ ውስጥ የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎችን ያበላሸው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ፕሮግራም ነው። የሰላሙን ጊዜ ንባብ ለ21 ሰከንድ ይቀዳና መሣሪያዎቹን እያሰቃየ ሳለ ለመቆጣጠሪያው ያንኑ 21 ሰከንድ ደጋግሞ ያጫውት ነበር። ተረኞቹ ሁሉ ሰላም ነው እያሉ ይቀመጣሉ። በብዙ ጠቢባን የተሠራውን ያን ተንኮል፣ የኛ ኦፕሬተር ሚስቱ ምጥ ስለ ያዛት በቁራጭ ወረቀት ሠርቶታል።

«እና ምን ላድርግ?» ብላ ደገመች።

«ሰውየውን ቀስቅሺው» አልኳት።

ቀሰቀሰችው። አንድ የኮንትራት ሠራተኛ በቀን ጣቢያው ውስጥ ሰክቶ የረሳው ላፕቶፕ ነበር፤ ሌሊት በራሱ ጊዜ ነቅቶ ፕሮግራሙን ሊያድስ ሞክሯል። ክፋት አልነበረበትም። ኃላፊው ለሊቱ አላመሰገናትም፤ አንጋፋው ባልደረባዋም ለሳምንት ያህል በደንብ አላናገራትም። አሁን ደወል በደወለ ቁጥር «ያንቺ ላፕቶፕ መጣ» ይሏታል አሉ። የኔው «ነቢዩ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ሆኖ ነው እንጂ።

እሑድ ደግማ ስትደውል ስለ ላፕቶፑም፣ ስለ ባልደረባዋም አላነሣችም።

«አባዬ፣ ያ ዘበኛ እንዴት ሆነ?»

አልጠየቅሁም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

«ስሙስ ማነው?»

ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ከቀሩት የድሮ ባልደረቦቼ ለአንዱ ደውዬ፣ መዛግብት ክፍል ገብቶ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ እንዲያይልኝ ለመንኩት። የኦፕሬተሩ ስም ከነአያቱ አለ፤ የኔም አለ፤ የትራንስፎርመሩ መለያ ቁጥር ሳይቀር አለ። ስለ ሰውየው የተጻፈው «የጣቢያው ጥበቃ ጉዳት ደርሶበታል» የሚል ብቻ ነው። ወደዚያች ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል ብለውኛል። ጆሮዬ ያን ሰዓት መቼም ነቅቶ ነው የሚጠብቀኝ።